የታምቦራው ዓመት

መስከረም 9፣ ዓርብ፣ ከቀኑ 6 ሰ.

የምሳ ዕረፍት። ካርቶን ላይ ተቀምጬ እጽፋለሁ። እጆቼ ዛሬም አናርፍ ብለዋል። ሳጥን ስደረድር ጣቶቼ ሳጥኑን ይመታሉ፤ እኔ አላዘዝኳቸውም። መውሊድ ካለፈ ቆየት ብሏል፤ ሰውነቴ ግን ከወሎ፣ መንዙማና ዱዓ ከሚታደርበት ከሐርቡው ሐድራ አልወጣም። አባዬ ዘንድሮም ድቤውን እንደመታ፣ ጀማውም እስኪነጋ እንዳጨበጨበ እማዬ በስልክ ነግራኛለች። በዚያው ሰዓት እኔ እዚህ ኮሎምበስ፣ መጋዘን ውስጥ፣ የሕፃናት ጋሪ ሳሽግ ነበር።

ማስታወሻዬ ሆይ፣ አንተን የማናግርህ ሰው ስላጣሁ አይደለም። ሙሉ አማርኛ የምናገረው ካንተ ጋር ብቻ ስለሆነ ነው። እዚህ ሁሉም ይቀላቅላል። የቤት አከራዬ ጋሼ ኑሩ እንኳ የወሎ ሰው ሆነው ሳለ «ሺፍትህን ቼንጅ አድርግ» ይሉኛል። እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። የቀረውን ያስተማረኝ የአባዬ ሬዲዮ ነው፤ ዜና አንባቢው የሚለውን ከበሬዎቹ ኋላ እየተከተልኩ ስደግም አደግኩ። ስለዚህ እንደ ዜና እጽፋለሁ። አትታዘበኝ።

የጭነት መቀበያው በር ላይ የዶን ራፋ ሬዲዮ ይጮኻል። ዶን ራፋ ጭነት የሚያነሣውን ፎርክሊፍት የሚነዱ፣ ሸምገል ያሉ የዶሚኒካን ሰው ናቸው። ከሬዲዮአቸው ከላቲን ሙዚቃ በቀር ሌላ ወጥቶ አያውቅም። ባቻታ የሚሉት አለ፤ ጊታሩ በቀጭኑ ያለቅሳል። የቃሉ ትርጉም አይገባኝም። ልቅሶው ግን ይገባኛል። ሐርቡ በምሽት ላይ፣ ከብት ሲገባ፣ አቧራው ቀይ ሲሆን፤ ያ ነው የሚመጣብኝ። ምን አገናኛቸው?

ደወል። ልግባ።


መስከረም 24፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ 10 ሰ.

ደነገጥኩ ዛሬ። ዶን ራፋ ፎርክሊፍቱን አቁመው እጆቼን ሲያዩ ያዝኳቸው። ሊከሱኝ መስሎኝ እጄን ኪሴ ከተትኩ። አውጣ አሉ፤ ድገመው አሉ። ደገምኩት። ፊታቸውን ማንበብ አልቻልኩም። ማን አስተማረህ ብለው ጠየቁ። አባቴ አልኩ። አባትህስ ምን ይመታል? በእንግሊዝኛ ለማስረዳት ሞከርኩ፤ እንግሊዝኛዬ አልበቃም፤ ሁለት እጄን አየር ላይ አንስቼ መታሁ። ሳቁ። የእሳቸውም እንግሊዝኛ እንደኔ የተሰባበረ ነው፤ እርስ በርሳችን ግን እንግባባለን።

ባንድ አላቸው። እሳቸው አኮርዲዮን ይጫወታሉ። ከበሮ መቺያቸው ፍሎሪዳ ገብቶ ቀርቷል። ኢስትሙር ወዳለው ቤታቸው እንድመጣ ጠሩኝ። ሥራ ይበዛብኛል አልኩ።

ምንም ሥራ የለብኝም።


ጥቅምት 16፣ እሑድ፣ ከጠዋቱ 4 ሰ.

ሄድኩ። ትናንት። ሁለት ጊዜ ከበሩ ተመልሼ።

ጋራዥ ነው፤ መኪና ግን የለበትም። ወንበር፣ ድምፅ ማጉያ፣ የበረዶ ጎማ፣ ግድግዳው ላይ ባንዲራቸው። የዶን ራፋ ሚስት ዶኛ ሚላ አብረው ይጫወታሉ፤ ጉይራ የሚባል ቆርቆሮ በሽቦ ይፍቃሉ። ዓይኔን ስጨፍን እማዬ ማሽላ የምትነፋ ይመስለኛል፤ ወንፊቱ ራሱ ነው። የዶን ራፋ እህት ልጅ ዊልሰን ቤዝ ጊታር ይመታል። ጎረምሳ ነው፤ አፉ ስለታም።

ከዚያ ታምቦራውን ሰጡኝ። ጭን ላይ የሚጋደም፣ በሁለቱም አፉ ቆዳ የተወጠረበት ከበሮ። አሸተትኩት። የፍየል ቆዳ። አባዬ ድቤውን ፀሐይ ላይ ሲያሞቅ የሚሸተው። ለአፍታ የት እንዳለሁ ጠፋኝ።

ልመታ ስል እጄ አልታዘዝ አለ። ምክንያቱን ደረስኩበት፤ ውዱእ የለኝም። በእኛ ዘንድ ሳይታጠቡ ድቤ አይነካም። ውሃ ብዬ ጠየቅኩ። ዶኛ ሚላ የጠማኝ መስሏቸው በብርጭቆ በረዶ ጨምረው አመጡልኝ። አይ፣ ለእግሬ ነው አልኩ። ሁሉም እግሬን አዩ። ልብስ ማጠቢያው ክፍል ገብቼ ታጥቤ ስወጣ ዊልሰን ሲጠብቀኝ ነበር፦ «ከበሮውን በእግርህ ልትመታ ነው እንዴ?» ዶኛ ሚላ ፎጣውን ወረወሩበት፤ ቀጥሎ ለእኔ አቀበሉኝ።

ችግሩ ዱላው ነው። የታምቦራ አንዱ አፍ በእጅ፣ ሌላው በዱላ ይመታል። ቀኝ እጄ ዱላ ይዞ አያውቅም። የያዘው ከብት ሲጠብቅ ብቻ ነው። ዶን ራፋ ታገሡኝ። እኔ ራሴን አልታገሥኩም።


ኅዳር 6፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ 8 ሰ.

ሜሪንጌ እየገባኝ ነው። ጉልበት ያለው፣ የሚሮጥ፣ ወደ ኋላ የማይመለከት ሙዚቃ ነው። ኩምቢያ ደግሞ እንደ ግመል ይራመዳል። ባቻታው ሲመጣ ሁሉም ፊቱን ያጠቁራል፤ ዶን ራፋ ባቻታ የሚጫወት ሰው አንድ የጎደለው ነገር ሊኖር ይገባል ይላሉ። ምን ጎደለህ ብለው ጠየቁኝ። ዘርዝሬ ልጨርስ አልቻልኩም፤ ሳቁብኝ።

ዛሬ ወደ ልምምድ ልወጣ ስል ጋሼ ኑሩ በረንዳው ላይ ያዙኝ። በየሳምንቱ ወዴት ነው? ሙዚቃ እየተማርኩ ነው አልኩ። ምን ዓይነት? የላቲን። ልጃቸው ኢማን ከውስጥ ሰማች፤ «ኖ ዌይ!» ብላ ጮኸች። ጋ/ኑሩ ግን አልሳቁም፤ ቅጠል መጥረጊያውን ወደ ግድግዳው አስደግፈው፣ አባትህ ያውቃል ወይ አሉኝ።

አያውቅም።

ማስታወሻዬ ሆይ፣ ይህን ለአንተ ልግለጽ። ድቤው ከአያቴ ወደ አባዬ የመጣ ነው። ከአባዬ ወደ እኔ ይሄዳል። በሐድራው ላይ ከአባዬ በስተግራ፣ ከምሰሶው ሥር፣ አንድ ምንጣፍ አለ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ የተቀመጥኩበት። ከአገር ስወጣ አባዬ ብዙ አልተናገረም። ቦታህ ላይ ማንም አይቀመጥም፤ ያለኝ ይህን ብቻ ነው። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ምንጣፉ ባዶ ነው፤ እንግዳ ሲበዛ እንኳ ሰው ዘሎት ይቀመጣል ብላኛለች እማዬ። በአውሮፕላን አይደለም የወጣሁት፤ በሱዳን በኩል ነው፤ ዓመታት ወስዷል። በዚያ ሁሉ መንገድ ያ ምንጣፍ አብሮኝ ነበር።

አባዬ ቢሰማ ምን ይላል?


ታኅሣሥ 11፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ 9 ሰ.

ዛሬ ነው። ዌስተርቪል፣ የአንዲት ልጅ የአሥራ አምስት ዓመት በዓል። በእነሱ ዘንድ እንደ ሠርግ ነው። ሸሚዜን ተኮስኩ። እንደገና ተኮስኩ። በረዶ ይጥላል። ባልሄድስ? ቢነግራቸውስ ሰው፣ ታሟል ብሎ?

ዶን ራፋ በር ላይ የመኪናቸውን ጥሩምባ ነፉ።


ታኅሣሥ 12፣ እሑድ፣ ከጠዋቱ 3 ሰ.

ምድር አልዋጠችኝም። ስለምን እንዳልዋጠችኝ አላውቅም።

በቅደም ተከተል ላስፍረው። የአዳራሹ መጸዳጃ ቤት ገብቼ ውዱእ አደረግኩ፤ እግሬን ማጠቢያው ላይ ሰቅዬ ሳለሁ ክራባት ያሰረ ሰውዬ ገባ፤ አየኝ፤ ተመልሶ ወጣ። ይህ ቀላሉ ነው። ሜሪንጌው ተጀመረ። መልካም ሄደ። ዱላው ታዘዘኝ። ሜሪንጌ ሲያልቅ ሁሉም በአንድ ምት ቀጥ ይላል፤ በጋራዡ ዶን ራፋ ራሳቸውን ነቅንቀው ምልክት ይሰጡኝ ስለነበር ስቼ አላውቅም። ትናንት ግን ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ነበር።

በሐድራ ደግሞ ደንቡ ሌላ ነው። ድቤ መቺ በራሱ አያቆምም። መንዙማውን የሚያወጣው ሼህ እጁን ከፍ እስኪያደርግ ይመታል። ቀድሞ ማቆም ነውር ነው።

ሁሉም ቀጥ አሉ። እኔ ቀጠልኩ። ዓይኔ ሽማግሌ ፈለገ። ግድግዳው ሥር ባርኔጣ ያደረጉ አዛውንት ተቀምጠዋል፤ የልጅቷ አያት ናቸው። እሳቸውን እያየሁ መታሁ። እጃቸውን ያነሡ ይሆናል ብዬ ጠበቅኩ። እሳቸው ጭራሽ ማጨብጨብ ጀመሩ! ስለዚህ ጨመርኩ። ሕዝቡ መጀመሪያ ግራ ተጋባ፣ ቀጥሎ ጮኸ፣ ቀጥሎ እንደገና ወደ መድረኩ ወረደ። ዶን ራፋ ዞረው አፋቸውን ከፍተው አዩኝ፤ በኋላ ሳቃቸው አመለጣቸው፤ አኮርዲዮኑን ይዘው ተመለሱ። ያለቀው ዘፈን ከሞት ተነሣ። በመጨረሻ አያትየው ላባቸውን ሊጠርጉ መሐረብ ይዘው እጃቸውን ከፍ አደረጉ።

ቀጥ አልኩ። እንደ ድንጋይ።

አዳራሹ በጩኸት ፈረሰ። ዊልሰን ወለሉ ላይ ተቀምጦ ሳቀ። ወደ ቤት ስንመለስ ዶን ራፋ ጠየቁኝ፦ «አንተ ልጅ፣ ሙዚቃው ካለቀ በኋላ ለማን ነው የምትመታው?» ነገርኳቸው። ከዚያ፣ በሚቀጥለውም እንዲሁ አድርግ፣ እኔ እጄን አነሣልሃለሁ አሉ።

አፍሬአለሁ። ግን ማስታወሻዬ፣ ለአንድ አፍታ ሐርቡ ነበርኩ። ምንጣፌ ላይ።


ጥር 3፣ እሑድ፣ ከቀኑ 7 ሰ.

ኢማን ስልኳን ይዛ ወደምኖርበት ምድር ቤት ሮጣ ወረደች። «ሐሰን፣ ዩ አር ፌመስ!» ከበዓሉ እንግዶች አንዱ ቀርጾኛል። ዓይኔ አያትየው ላይ ተተክሎ፣ አንገቴ ሰግጎ፣ ብቻዬን ስመታ። ምስሉ ከስፓኒሽ ተናጋሪዎቹ ወደ እኛ ሰዎች ተሻግሯል። ሥሩ የተጻፈውን አነበበችልኝ፤ አማርኛ ማንበብ ስለምትቸገር የቀረውን እኔ አነበብኩት። አንዱ «የወሎ ልጅ ሜሪንጌን አልለቅ አለው» ይላል። አንዱ ደግሞ «ኧረ ሼሁ እጁን ያንሳለትና ይረፍ» ብሏል። ይህ ሰው የእኛ አገር ልጅ ነው። ገብቶታል።

የገባው ሰው ካለ፣ ሐርቡ ደርሷል ማለት ነው።


ጥር 17፣ እሑድ፣ ከጠዋቱ 2 ሰ.

ደወልኩ። እማዬ አነሣች። አባዬስ? ገበያ ወርዷል አለች። ያለፈው እሑድም ገበያ ወርዶ ነበር። የሐርቡ ገበያ ሰኞ ነው።

ከኋላዋ ሳል ሰማሁ። ያንን ሳል ከሺህ ሰው መካከል እለየዋለሁ። እማዬ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «አብሽር ልጄ፣ አብሽር» ትላለች። ሳሉን ልትሸፍንልኝ።

ታምቦራውን ዛሬ አልነካም።


የካቲት 11፣ ረቡዕ፣ ከቀኑ 6 ሰ.

ረመዳን ገባ። ሌላውም ገባ።

ጠዋት ዶን ራፋ ግንባራቸው ላይ ጥቀርሻ ይዘው መጡ። ፎርክሊፍቱን ሲጠግኑ የነካቸው መስሎኝ በእጅጌዬ ልጠርግላቸው ተጠጋሁ። እጄን ያዙኝ። አይጠረግም! የቤተ ክርስቲያናቸው አመድ ነው፤ ጾማቸው ዛሬ ይገባል። የእኔም ዛሬ ይገባል። ይቅርታ ጠየቅኩ፤ እስከ አሁን ጆሮዬ ይግላል። እሳቸው ለዶኛ ሚላ ደውለው ነገሯቸው፤ የሁለቱም ሳቅ መጋዘኑን ሞላው።

እስከ ፋሲካቸው ድግስ የለም። ጋራዡም ይዘጋል። ሬዲዮው እንኳ ዛሬ ዝቅ ብሏል።

ምሳ ስለማንበላ ጎን ለጎን ተቀመጥን። አባቴ እንደማያናግረኝ ነገርኳቸው። እሳቸውም ስለ አባታቸው አወሩኝ። በአገራቸው ለቅዱሳን በዓል የሚመታ ረጅም ከበሮ አለ፤ አባታቸው የእሱ መቺ ነበሩ። ዶን ራፋ አኮርዲዮን ይዘው ወደ ጭፈራው ሲሄዱ አባታቸው ምን አሉ? ምንም። መቼም? መቼም። እስኪሞቱ ድረስ ስለ ሙዚቃ አንዲት ቃል አልተለዋወጡም።

ለምን ነገሩኝ? ሊያጽናኑኝ ከሆነ አላጽናኑኝም።


መጋቢት 11፣ ዓርብ፣ ከጠዋቱ 5 ሰ.

ዒድ። ከጋ/ኑሩ ጋር ሰግደን ተመለስን። ኢማን አዲስ ቀሚስ ለብሳለች፤ ቤቱ በሰው ተሞልቷል። ጋ/ኑሩ መንዙማ በስልካቸው ከፍተዋል። ሰዉ እያወራ ይሰማል። እኔ ማውራት አልቻልኩም።

ሐርቡ ደወልኩ። አባዬ ለጎረቤቱ ሁሉ ዱዓ እያደረገ ነበር። እማዬ ስልኩን ሳትዘጋ መደቡ ላይ አስቀመጠችው፤ ሆን ብላ ይመስለኛል። ድምፁ ከሩቅ ይመጣል። ለታመመ፣ ለመንገደኛ፣ ላረገዘች፣ ለደከመ ከብት። ስሜን አልጠራም። ለእኔ ላልተሰጠው ምርቃት አሜን አልኩ።

መንገደኛ ሲል ግን እኔን ይሆን?


ግንቦት 9፣ እሑድ፣ ከጠዋቱ 2 ሰ.

እየሳቅኩ ነው። ልጻፈው።

እማዬ ብቻዋን ነበረች። ተማጸንኳት። ስለ ጭፈራው ነው? ስለ መጠጡ? ከዚያ ፈነዳች፦ «ኧረ ዱላው ነው! በዱላ መምታትህ ነው ያንገበገበው። አህያ ነው ወይ የሚነዳው ይላል!» አባዬ ያንን ምስል በይማም ስልክ ደጋግሞ ያየዋል አለች። ይማም የጎረቤታችን ልጅ ነው፤ በሐድራው ላይ መንዙማውን ከሚቀበሉት ጋር የሚያጨበጭብ። አባዬ እያየ ምን ይላል? ግራ እጁ አልተበላሸም ይላል። መጥፎውን ቀኙ ነው የለመደው ይላል። ሼሁን መጠበቁ ግን ደግ ነው፤ ይህንንም ብሏል።

ታዲያ ለምን አያናግረኝም? እዚህ ላይ እማዬ ወደዚያው የገበያ ሰበቧ ተመለሰች። ሌላ ነገር አለ። ድምፅዋ ውስጥ ሰማሁት።


ሐምሌ 5፣ እሑድ፣ ከቀኑ 8 ሰ.

ሙቀት። ትናንት ዌስተርቪል፣ ሜዳ ላይ፣ ዛፍ ሥር ተጫወትን። ቤተሰብ፣ ሕፃናት፣ የተጠበሰ ሥጋ ጭስ። በዚህ ዓመት ስንት ሜዳና ስንት አዳራሽ አየሁ! ከሳጥንና ከምድር ቤት በቀር የማላውቅ ሰው። ቤክስሊን እንኳ በአውቶቡስ መስኮት ብቻ ነበር የማውቃት፤ አሁን የማንን ልጅ በየትኛው ጓሮ እንደዳርን አውቃለሁ።

አንዱን ባቻታ ያለ ዱላ እንድመታ ዶን ራፋን ለመንኳቸው። ዊልሰን፣ ዘፈናችንን ሊያስተኛው ነው ብሎ ተቃወመ። ዶኛ ሚላ ግን ለእኔ ቆሙ፤ በዚህ ሙቀት ዱላም ይከብዳል ብለው ዱላዬን ከእጄ ወስደው መቀነታቸው ላይ ሰኩት። በሁለት መዳፌ መታሁ። በቀስታ። ባቻታው ዝቅ አለ፣ ከዚያ እየዞረ እየዞረ ሄደ። ጥንዶቹ ተጠጋጉ። አንዲት ሴትዮ ቆማ ዓይንዋን ጨፍና ትወዛወዝ ነበር፤ እማዬ በመውሊድ እንደምትወዛወዘው። ዶን ራፋ ሲያበቃ በሙሉ ክንዳቸው እጃቸውን አነሡልኝ።

ኢማን ቀርጻኛለች። ይህኛውን ራሴ ለይማም ስልክ ላክሁት።

ሲመሽ ዶን ራፋ ጠየቁኝ። ከመስከረም ጀምሮ በየቅዳሜው ሥራ አለ። ምትክ ሆነህ አይደለም፣ የባንዱ ሰው ሁን፤ ዓመቱን ሙሉ። ላስብበት አልኳቸው። ወረቀቴ አሁን ያስኬደኛል፤ የሚመጣውን ዓመት መውሊድ ሐርቡ ልውል አስቤ ነበር። ከሄድኩም ደርሶ ለመመለስ አይደለም። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። አሁን ለአንተ ተናገርኩ።


ነሐሴ 10፣ እሑድ፣ ከጠዋቱ 3 ሰ.

አባዬ ደወለ። ራሱ።

ሰላምታው ረዘመ። ደህና ነህ ወይ፣ ጤናህስ፣ ሥራህስ፣ የቤት አከራይህስ፣ ልጃቸውስ፣ ዝናቡስ። እኔም በተራዬ። ከብቱስ፣ ማሽላውስ፣ ጎረቤቱስ። ሰባት ወር ያልተነጋገርን ሰዎች ስለ ማሽላ ተነጋገርን። ሁለታችንም ሰላምታው እንዳያልቅ ፈርተን ነበር።

በመጨረሻ፣ ሁለተኛውን ምስል አየሁት አለ። ከመጀመሪያው ይሻላል። ሰዎቹስ እነማን ናቸው? ነገርኩት። ሴትየዋ ስለምትፍቀው ቆርቆሮ ጠየቀኝ፤ ወንፊት ይመስላል አልኩ፤ ልክ ነህ አለ፤ እናትህም ያንኑ ብላለች። ሳቀ። ሳቁን ስሰማ ተቀመጥኩ።

ቀጥሎ ተናገረ። ከጥር ጀምሮ ግራ ክንዱ ከደረቱ በላይ አይነሣም። ደሴ ሐኪም ቤት ሄዷል፤ አይመለስም ብለውታል። «ስልክ መያዝ አላቃተኝም፤ ይህን መንገር ነው ያቃተኝ» አለ። አንተ እዚያ ስትመታ እያየሁ፣ እኔ እዚህ መምታት ተውኩ ብዬ እንዴት ልንገርህ?

መውሊድ በመጪው ሳምንት ነው። የሚመታ ሰው የለም። ይማም እጁ ጥሩ ነው፤ ካንተ አጠገብ ተቀምጦ ይልመድ ብለውታል ጀማው። አባዬ እንቢ አለ። ቦታው የልጄ ነው፣ እሱ ሳይፈቅድ ለሰው አልሰጥም አለ። አሁን እኔን ይጠይቀኛል። ብፈቅድ ይማም ምንጣፉ ላይ ይቀመጣል፤ ድቤውም የእሱ ይሆናል፤ የተሰጠ ድቤ አይመለስም። ባልፈቅድ ድቤው ምሰሶው ላይ ይሰቀላል፤ መውሊዱም በጭብጨባ ብቻ ይወጣል፤ እኔ እስክመጣ። አባዬ ሁለቱንም በእኩል ድምፅ ተናገራቸው። ወደ አንዱ እንዳያደላ ተጠንቅቆ፣ እንደ ዜና አንባቢ።

ኔትወርኩ ይቆራረጣል አልኩ። አልተቆራረጠም፤ እሱም ያውቃል። አብሽር፣ ነገ ትነግረኛለህ አለ።


ነሐሴ 11፣ ሰኞ፣ ከንጋቱ 11 ሰ.

ሱብሒ ሰግጄ እጽፋለሁ። ሥራ ልገባ ጥቂት ቀርቶኛል። ሐርቡ አሁን ምሳ ሰዓት ነው፤ አባዬ ቤት ነው።

ድቤው ይሰቀል ብዬ ላዝ እችላለሁ። መብቴ ነው። ምሰሶው ላይ ቢሰቀል የእኔ ሆኖ ይቆያል፤ ቆዳው ይደርቃል፣ አይጥ ይበላዋል፣ ግን የእኔ። የሚመጣው ዓመት ብሄድ አወርደዋለሁ። ባልሄድስ? «የሚመጣው ዓመት» ስል ዘንድሮ የመጀመሪያዬ አይደለም።

ምንጣፉን አስባለሁ። ከምሰሶው ሥር ያለውን ቀዝቃዛ አፈር። አባዬ ሲመታ ክርኑ ትከሻዬን ይነካኝ ነበር፤ ያ መነካት ነው መቼ እንደምመታ ያስተማረኝ እንጂ ቃል አይደለም። አሁን ያ ክርን አይነሣም። አጠገቡ ማንም ካልተቀመጠ ደግሞ፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል፣ አባዬ በግራው ባዶ ምንጣፍ፣ በላዩ የተሰቀለ ድቤ ይዞ ያድራል። ይህን ነው የእኔ የምለው? ጀማው እያየው?

ለዶን ራፋ ገና አልመለስኩም። እሳቸው ይጠብቁኛል፤ መስከረም ሩቅ አይደለም፤ መልሱንም የማውቀው ይመስለኛል። መጀመሪያ ግን ይህኛው።

ሰላምታውን እንደ ትናንቱ ከጀመርነው ድፍረቴ ማሽላው ላይ ያልቃል። አባዬንም አውቀዋለሁ፤ እንዳልነግረው ዕድሜ ልኩን ስለ ከብት ሊጠይቀኝ ይችላል። ስለዚህ ወስኛለሁ። አሰላሙ አለይኩም እለዋለሁ። ወዲያው፣ እሱ መልሶ ሳይጨርስ፣ ለይማም ስጠው አባዬ፣ ዛሬውኑ አጠገብህ አስቀምጠው እለዋለሁ።

ከዚያ ስለ ዝናቡ እጠይቀዋለሁ።